ጥቁሩ መስመር

«ፍቺው አልኩሽ!» አለች የሶረቲ አክስት ኡርጌ የሶፋውን ትራስ እያራገፈች። «ነገ የኅብረት ጸሎቱ እኛ ቤት ነው፤ ከጉደርም ሰው ይመጣል። ጥቁር ያለበት ዳንቴል ዘርግቼ ሰው የሞተብን ላስመስል?»

ሶረቲ ኪሮሿን ከዳንቴሉ አወጣች። ከእንጭኒ መጥታ አምቦ አክስቷ ጋ ሆና ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። ዳንቴሉን የጀመረችው የፈተና ወሬ ሲነሣ ልቧ መደለቅ የጀመረ ሰሞን ነው። ማታ ማታ አንድ መስመር ትሠራለች፤ ክሩን የምትመርጠው ቀኑ እንዴት እንደዋለላት አይታ ነው። ስትፈራ ቀይ፣ ደኅና ስትውል ሰማያዊ። ጓደኛዋ ሃዊ ሆዷ እስኪያማት ያሳቀቻት ቀን ብርቱካናማ ነበር። ከታች አራተኛው መስመር ብቻ ጥቁር ነው። ኡርጌ ግን ልጅቷ የተራረፈ ክር የምትጨርስ ነበር የመሰላት።

የዳንቴል ክፋቱ ደግሞ አንዱን መስመር ብቻ ላውጣ ቢሉት እሺ አይልም። ጥቁሩ ጋ ለመድረስ ከእሱ በኋላ የተሠራው ሁሉ መፈታት አለበት።

ሶረቲ ጫፉን ሳበችው። የትናንቱ ሰማያዊ ተፈታ። ብርቱካናማው ተከተለ፤ እጇ ላይ ተጨማዶ ሲቀር መሳቡን ተወችው።

«አዳዳ፣ አልፈታውም» አለች አክስቷን።

«ለምን?»

እውነቱን ብትናገር ወሬው እናቷ ጋ ይደርሳል፤ እናቷ ደግሞ «በቃ ነይ» ብላ ወደ እንጭኒ ትመልሳት ይሆናል። እስከ ዛሬ አፏን የያዛት ይኸው ፍርሃት ነው።

«የሞዴል ፈተናው ቀን የወጣሁት ሆዴን አሞኝ አልነበረም» አለች ቀስ ብላ። «ትንፋሽ አጠረኝ። ወረቀቱን ባዶውን ትቼ ሮጥኩ። ጥቁሩ የዚያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ… ቀስ በቀስ እየተሻለኝ የመጣሁበት ነው።»

ኡርጌ ትራሱን እንዳቀፈች ተቀመጠች።

«ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ! እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ጤና አዳም አጠጣሁሽ!»

«በጣም ይመር ነበር።»

ኡርጌ ሳትወድ ሳቀች። ዳንቴሉን ተቀብላ ጥቁሩን መስመር በጣቷ ዳበሰች።

«ለእናትሽ አብረን እንነግራታለን፤ እዚሁ ትማሪያለሽ» አለች። «ነገስ? ማን ሞተባችሁ ሲሉኝ ምን ልበል?»

ሶረቲ ዳንቴሉን መልሳ ተቀበለቻት። የተፈታውን ብርቱካናማ ክር ጣቷ ላይ ጠምጥማ ኪሮሿን አስገባች።

«እኔን ይጠይቁኝ» አለች።