የቅዳሜው መስመር

«ይሄ ምንድነው? ፓስታ ነው እንዴ?» አለ የክፍል ጓደኛዋ ኃይለመለኮት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ወደተጠላለፈው መስመር ጠጋ ብሎ።

ማሂራ አልሳቀችም። የትምህርት ቤታቸው የጂኦግራፊ ክበብ መርካቶ ውስጥ ሳይክልና የእጅ ጋሪ የሚያሳልፉ መንገዶችን ካርታ መሥራት ከጀመረ ወር አልፎታል። ሥራው ቀላል ነው። የክበቡን ስልክ ኪስ ውስጥ ከትቶ መሄድ ብቻ፤ ስልኩ በየአምስት ሰከንዱ ያሉበትን ቦታ በነጥብ ይመዘግባል። ነጥቦቹ ከተራራቁ ሰውየው ፈጥኖ እየሄደ ነበር ማለት ነው፤ ከተጠጋጉ እያዘገመ።

ቅዳሜ ዕለት ማሂራ ጉንፋን ይዟት ስለተኛች ስልኩን የወሰደላት አባቷ ነበር። ሰላሁዲን ጭድ ተራ አጠገብ ሳይክል ይጠግናል። ሠላሳ ዓመት በሳይክል ዕቃ ሲያመላልስ ስለኖረ፣ የመርካቶን ጉራንጉር ዓይኑን ጨፍኖም ይወጣዋል ይባልለታል። ሦስት ሰዓት ላይ ወጥቶ «ለምሳ እመለሳለሁ» ያለው ሰው የመጣው ግን አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ሳይክሉን እየገፋ። «ደንበኛ ይዞኝ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አሁን ማሂራ መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው። ከሱቁ እስከ ተክለ ሃይማኖት ነጥቦቹ የተራራቁ ናቸው፤ የአባቷ አነዳድ። መመለሻው ላይ ግን መስመሩ ታጥፎ አንዱን የሱቆች ረድፍ ዞረ። እንደገና ዞረው። ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ነጥቦቹ እየተጠጋጉ፣ እየተጠጋጉ ሄደው አንድ ቦታ ላይ እንደ ቀለም ጠብታ ተከማቹ። ሰዓቱን አየች። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ እዚያው ቆሟል፤ ከሱቁ የአምስት ደቂቃ መንገድ ሲቀረው።

«ፋዘር መርቅነው ነበር እንዴ?» አለ ኃይለመለኮት።

«ስልኩ ነው የተበላሸው» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው።

መምህር ጣሰው ከኋላቸው መጡ። «አትጨነቁ፤ የተደጋገመውን አንድ እናደርገዋለን። ካርታው የሚፈልገው መንገዱን ነው፤ ማን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት አይደለም።» ማውሱን ጫን አደረጉት። አሥራ አንዱ ዙር ተሰብስቦ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ሆነ። «አየሽ? አሪፍ ዳታ ነው። አባትሽን አመስግኚልን።»

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። ሰላሁዲን የተበሳ የጎማ ከመነዳሪ እየለጠፈ ነበር።

«አባ፣ ቅዳሜ የት ቆይተህ ነው?»

«ነገርኳችሁ እኮ፣ ደንበኛ...»

«ስልኩ መዝግቦታል።»

እጁ ቆመ። ማስቲሹ ጣቱ ላይ ደረቀ።

«ስንት ጊዜ ዞርኩ?» አላት በመጨረሻ።

«አሥራ አንድ።»

«እኔ ሦስት መስሎኝ ነበር።»

ማሂራ ጎማ ላይ ተቀመጠች። «ሰው አትጠይቅም ነበር?»

«ማንን ልጠይቅ? ሁሉም ያውቀኛል። ሰላሁዲን መንገድ ጠፋው ይበሉ?» ድምፁ ቀነሰ። «ሱቆቹን አውቃቸዋለሁ፣ ማሂ። የባለቤቶቹን ስም ሳይቀር። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሆነ ግን ጠፋብኝ። ቢጨንቀኝ ቁጭ አልኩ። ኋላ አንድ ጋሪ ገፊ ሲያልፍ እሱን ተከትዬ ወጣሁ።»

«የመጀመሪያህ ነው?»

የደረቀውን ማስቲሽ ከጣቱ ላይ ላጠ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለ። «ሳይክሉን ትከለክለኛለች። ከሳይክል ከወረድኩ እኔ ምንድነኝ? በአላህ፣ ልጄ።»

አባቷ ለምኗት አያውቅም። «እሺ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደረሰ። ኃይለመለኮትን አንዴ ዋሽታዋለች፤ ሁለተኛው አይከብድም ነበር። ግን መጪው ቅዳሜ ታያት። ስልኩ ኪሱ ውስጥ የለም። ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥርለት የለም።

«እኔ አልነግራትም» አለች። «አንተ ትነግራታለህ። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ሰላሁዲን የለጠፈውን ከመነዳሪ በአየር ሞላው፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ አየው፤ አያስተነፍስም። ሱቁን በጊዜ ዘጋ። እሱ ሳይክሉን እየገፋ፣ እሷ ከጎኑ፣ በተሸካሚዎች መሀል ወደ ቤት ሄዱ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ቆመ። ቀኙን አየ፤ ግራውን አየ። ማሂራ አልቸኮለችም።

«በዚህ ነው?» አላት።

በሕይወቷ መንገድ ጠይቋት አያውቅም። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀችለት።

ግቢው ውስጥ እናቷ ሰአዳ ልብስ እያሰጣች ነበር። «ዛሬ ምነው በጊዜ?» አለች ገርሟት።

ሰላሁዲን ሳይክሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ማሂራ ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች።

«ሰአዳ» አለ፣ «እስቲ የያዝሽውን አስቀምጪና ነይ።»