በሉል ላይ የተለካው መንገድ

«አንድ ሺህ ኪሎ ሜትሩን ምን አደረግሽው? በላሽው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የጂኦግራፊ መምህሩ የአንዷን ተማሪ የቤት ሥራ ደብተር በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሁሉም እንዲያየው አዞረው።

ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር፤ በሁለት ሩቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው የበረራ ርቀት ስንት ነው? ሁለቱም ከካርታው አናት አጠገብ ናቸው፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ተማሪው ሁሉ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ላይ ማስመሪያ አጋድሞ፣ በስኬሉ አስልቶ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ብሎ ጻፈ። መምህሩ የያዘውም መልስ ያው ነው። ሰባት ሺህ አምስት መቶ ያለችው በቁመቷ የተነሳ «ቀጭኔ» የሚሏት ልጅ ብቻ ነበረች።

«ለክቼ ነው፣ ቲቸር።»

«በምን?»

እጇን ኪሷ ላይ አደረገች። የለካችበት ክር፣ ሁለት ቦታ በእስክሪብቶ ተቀልሞ፣ ኪሷ ውስጥ ነበር። የለካችው ግን ዳይሬክተሩ ቢሮ ባለው ሉል ላይ ነው። ሉሉ ከተገዛ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለእንግዳ ይታያል እንጂ የተማሪ እጅ ነክቶት አያውቅም። አቧራውን በየቀኑ የሚጠርገው አባቷ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ። ትናንት ቢሮውን ሲወለውል አስገባትና በሩ ላይ ቆሞ «ቶሎ በይ፣ ልጄ» አላት። ክሩ በካርታው ላይ እንዳለው መስመር አልሄደም፤ ሽቅብ ወደ ሰሜን ሾልኮ መንገዱን አሳጠረው። ከአባቷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ግን የተባረረችው «ቢሮ ሰው አስገባሽ» ተብላ ነበር።

«ወይ በምን እንደለካሽ ትናገሪያለሽ፣ ወይ ከሰው ስልክ ገልብጠሻል ብዬ ዜሮ እሰጥሻለሁ። የጥያቄና መልሱን ውድድርም እርሺው።»

ኮሪደሩ ላይ የመወልወያው ድምፅ ቆመ።

ቀጭኔ ዞር አለች። አባቷ በተከፈተው በር ይታያል። ይህ መምህር አራት ዓመት ሙሉ እሱ በወለወለው ወለል ላይ በጭቃ ጫማ ሲያልፍ፣ አንድ ቀን እንኳ «እንደምን አደርክ» ብሎት አያውቅም። አባቷ ባልዲውን አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ገባት፤ ሊናገር ነው።

«ይቅርታ መምህር፣ እሷ እንኳ...»

«አባዬ፣ ቆይ» አለች። ከጎኗ ወደተቀመጠው ልጅ ዞረች። «በረኛው፣ ኳስህን አቀብለኝ።»

«ኳሴን? ለምን?»

«አቀብለኝ አልኩህ።»

በረኛው ኳሱን ከእግሩ ሥር አወጣ። «ብታፈነጂው ትገዢያለሽ» አለ። አሁን ማንም አልሳቀም።

ወደ ሰሌዳው ሄዳ ስባሪ ጠመኔ አነሳችና ከኳሱ አናት አጠገብ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ነጥብ አደረገች። እጇን ወደ ኪሷ ልትሰድ ስትል መለሰችው። ያኛው ክር እዚያው ይቆይ። ከሹራቧ እጅጌ የተተረተረውን ክር መዘዘች፤ በጥርሷ በጠሰችው።

«ቲቸር፣ መሬት ይቺ ናት እንበል» አለችና ክሩን ዘረጋችለት። «ይህን ጫፍ ይያዙልኝ።»