ስንት መኪና ቆጠርሽ?

አሥራ አራተኛው መኪና ሲኖትራክ ነበር። መገንጠያው ጋ ሲደርስ ማርሽ ቀነሰ፤ አቃሰተና ወደ ደብረ ታቦር ታጠፈ። እየሩስ ዓይኗን እንደጨፈነች በልቧ «አሥራ አራት» አለች። ቀጥሎ ባጃጅ መጣ። ባጃጅ አይቆጠርም። ይህን ሕግ ለራሷ ያወጣችው ትናንት ማታ፣ ማክሰኞ ነው።

ከጎኗ ውባንቺ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ሁለቱ ከአንድ ቀበሌ መጥተው፣ ወረታ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ዘጠነኛ ክፍል ይማራሉ። ፍራሹ አንድ፣ ብርድ ልብሱ አንድ ነው። ስልኩም አንድ ነው፤ አባቶቻቸው አዋጥተው የገዙላቸው ባለ ቁልፍ።

አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት።

ቁጥሩ መሐል ላይ ያው ጥያቄ ተመልሶ ገባ። ደፍኛታለሁ ወይስ አልደፈንኳትም?

ባለፈው ቅዳሜ አባቷ አለኸኝ ሩዙ ላይ ማዳበሪያ ሊበትን ፈለገና በማሳው ድንበር ላይ ያለችውን የውሃ መውጫ ከፍቶ ውሃውን ቀነሰው። እየሩስም አብራው ጭቃ ስትዝቅ ዋለች። እሁድ ጠዋት ወደ ወረታ ልትነሳ ስትል ጠራት።

«አካፋውን ያዥና ስታልፊ መውጫዋን ድፈኛት። ከዚያ መንገድ ላይ ለምታገኚው ልጅ ስጪው፣ ይመልስልኛል። ክረምቱ እየወጣ ነው፤ አሁን የሄደ ውሃ አይመለስም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ስታስበው መውጫዋ አጠገብ የቆመ አንድ ነጭ ወፍ ይታያታል። ያጠበችው የትምህርት ቤት ልብሷ ይታያታል። ውባንቺ ከመንገዱ ዳር ሆና «እየሩስ! ኧረ ባጃጁ ሞላ!» እያለች ስትጮህ ይሰማታል። ቀጥሎ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣለች። በመካከሉ ምንም የለም። አንዳንዴ እጇ ላይ ጭቃ ይታያታል። ጭቃው የእሁድ ይሁን የቅዳሜ ግን አታውቅም።

ማክሰኞ ማታ አባቷ ደወለ። ማሳው ደርቋል። ሩዙ ሊያሸት ሲል ውሃ አጥቷል። ከታች ያለው የጋሸ ተገኘ ማሳ ግን እስከ አፉ ሞልቷል።

«መውጫዋን ደፍነሻት ነበር አይደል?» አላት።

«አዎ» አለች።

አፏ ነው ያለው። እሷ ገና እያሰበች ነበር።

«አውቄዋለሁ! እሱ ነው በሌሊት የከፈታት» አለና ዘጋው።

ጋሸ ተገኘ የውባንቺ አባት ነው።

አሥራ ሰባት።

* * *

«ዛሬስ ስንት ቆጠርሽ?» አለቻት ውባንቺ ጠዋት ፊቷን እየታጠበች።

«ሠላሳ አንድ።»

«ትራፊክ ፖሊስ ሆነሽ ቀረሽ እኮ! ደሞዝ ጠይቂያቸው እንጂ።» ውባንቺ እየሳቀች ውሃውን ረጨችባት። «እኔ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሒሳብ ደብተሬን ነው የምከፍተው። ሁለት መስመር ሳልጨርስ ጥፍት!»

እየሩስ መሳቅ እንዳለባት ገባት፤ ሳቀችም። የሳቀችው ግን ሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳውን አተኩራ ታያለች፤ የተጻፈው ግን አይገባትም። የመምህር አለምነህ አፍ ሲንቀሳቀስ ታያለች። ድምፁ ጥጥ ውስጥ ያለፈ ይመስል ደክሞ ነው የሚደርሳት። ወንበሩ አይቆረቁራትም፤ አልራባትም፤ አልበረዳትም። ምንም የለም።

«እየሩስ! ከየት አገር ነው የምትመለሺው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «ከደብረ ታቦር!» አለች ውባንቺ ከጎኗ፤ ሳቁ ጨመረ።

ሲደወል መምህሩ ወደ ኋላ አስቀራት። ከአዲስ አበባ ወደ ወረታ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው።

«እንቅልፍ ነው አይደል? ፊትሽ ያስታውቃል። እኔም መጀመሪያ ስመጣ የፎገራ እንቁራሪት አላስተኛ ብሎኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስብሰባ!»

«የእኔ እንቁራሪት አይደለም መምህር። ሐሳብ ነው። ያው አንዱ ነገር እየተመላለሰ።»

መምህር አለምነህ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የሩዝ መፈልፈያ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰፈራችን አለ።»

«ሩዙ አልቆ ሞተሩን ካላጠፉት ምን ይሆናል?»

«ራሱን ይበላል።»

«ጭንቅላትም እንደሱ ነው። የሚመላለስብሽን ነገር ከመተኛትሽ በፊት ወረቀት ላይ አውጪው። ከዚያ ‹ዛሬ ማታ ላደርግልህ የምችለው ነገር አለ?› ብለሽ ጠይቂው። ከሌለ፣ እስከ ነገ ወረቀቱ ይያዝልሽ። አንቺ ተኚ።»

«ካለስ?»

«ካለማ» አለና እጁ ላይ ያለውን የጠመኔ ብናኝ አራገፈ። «ካለማ አድርጊውና ተኚ።»

* * *

ያን ቀን ማታ ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀደደች። «የውሃ መውጫዋ» ብላ ጻፈች። ሌላ ቃል አልመጣላትም። ውባንቺ ስልክ ልታወራ ወደ ውጭ ወጥታ ስለነበር ወረቀቱን ከፍራሹ ሥር ሸጎጠችው።

ውባንቺ ስትመለስ አልሳቀችም። በሩን ዘግታ ተደገፈችው።

«እማየ ናት የደወለችው። አባትሽ አባቴን ውሃ ሌባ ብሎታል። በሰው ፊት፣ ወፍጮ ቤት ደጃፍ። ሰምተሻል?»

እየሩስ የፍራሹን ጫፍ ወደ ታች ተጫነችው።

«እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል። አባቴ ሚካኤል ደጅ ይምላል አሉ። አባቴ! የሚካኤልን ስም እንኳ ተጠንቅቆ የሚጠራ ሰውዬ!»

በእነሱ ዘንድ መሐላ ተምሎ የሚረሳ ነገር አይደለም። የማለ ሰው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሰው ዓይኑን ከሱ ላይ አያነሣም። በዚያ ዓመት ላሙ ብትሞት፣ ልጁ ቢታመም፣ አውድማው ላይ ዝናብ ቢመጣበት፣ «መሐላው ነው» ይባላል። እየሩስ ይህን በደንብ ታውቃለች። የሰፈራቸው ገበሬ ያየህ ስለ አንዲት ጥጃ ከማሉ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል፤ እስካሁን «የማሉት ያየህ» ነው የሚባሉት።

«አባቴ ውሃ የሚሰርቅ ይመስልሻል?» አለች ውባንቺ።

«እኔ እንጃ።»

«እኔ እንጃ?» ውባንቺ ከበሩ ተላቀቀች። «በወንፈል ስንት ዓመት አብረው አረሙ! እኛ ቤት ስንቴ በልተሽ አድረሻል! እኔ እንጃ?»

«ደክሞኛል ውቤ።»

«እማየ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ክፍል ፈልጊ ብላኛለች። እምቢ ልላት ነበር።» ስልኩን ፍራሹ ላይ ወረወረችው። «አሁን ግን እሺ እላታለሁ።»

እየሩስ ማልቀስ ያለባት መሰላት። ጠበቀች። አልመጣም። የደነዘዘ እግር ሲቆነጥጡት እንደማይሰማው ነበር። ሊሰማት የሚገባውን ታውቃለች፤ ግን አልተሰማትም።

ያን ሌሊት ሠላሳ ስምንት ቆጠረች። ዓርብ ሌሊት ከአርባ በኋላ ተወችው። ጠዋት ስንት እንደቆጠረች የጠየቃት የለም።

* * *

ቅዳሜ እናቷ ሸዋነሽ ስንቅ ይዛላት ገበያ መጣች። ሩዝ፣ ሽሮ፣ በርበሬና አንድ ጆንያ ድርቆሽ። ጆንያውን ሳታወርድ እጇን የልጇ ግንባር ላይ አሳረፈች።

«ከስተሻል። ወባ ነው? ያስመልስሻል? ውሃውን አፍልተሽ ነው የምትጠጪው?»

«እንቅልፍ ነው እማየ።»

ሸዋነሽ ዙሪያዋን ቃኘች። ልጇን በእጇ ይዛ ከተደረደሩት የሩዝ ጆንያዎች ጀርባ ወሰደቻት።

«ስሚኝ። አካፋውን ማክሰኞ በረቱ ጥግ አገኘሁት። የቅዳሜው ጭቃ እንደ ደረቀበት። እሁድ ማንም አላነሣውም። አንቺም አላነሣሽውም።»

እየሩስ ነጩን ወፍ እንደገና አየችው። አሁን የቀረው ሁሉ ቦታውን ያዘ። አካፋውን ከቤት ስትወጣ ረስታዋለች። መውጫዋ ጋ ስትደርስ በእጇ ልትደፍናት ጎንበስ አለች፤ የታጠበው ልብሷ ታያት፤ ውባንቺ ጮኸች፤ ቀና ብላ ሮጠች። ሌላ ምንም አልነበረም። አራት ሌሊት የፈለገችው ነገር ይህን ያህል ትንሽ ነበር።

«ለአባየ ነገርሽው?»

«አጠብኩት» አለች እናቷ። «አካፋውን። አጥቤ በር ላይ አቆምኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ አንቺም አትናገሪ። አባትሽ ቢሰማ ‹ትምህርቱ ነው ያሰነፋት› ብሎ ያስቀርሻል። ቤት ትቀመጫለሽ። ከዚያ ጠያቂ ይመጣል። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ ከዚያ…» ትንፋሽ አጠራት። «የባሰውን አታውቂውም እኮ ልጄ።»

«ጋሸ ተገኘስ?»

«ምሎ ይገላገላል። ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያደርገዋል?»

ይህን ስትል ግን ፊቷን ወደ በርበሬ ሻጮቹ አዞረች። እየሩስ አተኩራ አየቻት። የእናቷ ዓይን ዙሪያም ጠቁሯል።

«አንቺስ ትተኛለሽ እማየ?»

«እኔ?» ሸዋነሽ የነጠላዋን ጫፍ አጥብቃ ቋጠረች። «አንቺን ከወለድኩ ጀምሮ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። በይ፣ ድርቆሹን እርጥበት እንዳያገኘው።»

* * *

ማታ ውባንቺ ልብሷን በባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ከታ፣ አፉን አስራ፣ ግድግዳው ጋ አቆመችው። ምንም ሳትናገር ጀርባዋን ሰጥታ ተኛች።

እየሩስ በጨለማው ከፍራሹ ሥር ወረቀቱን ስባ አወጣች። የተጻፈው አይታይም፤ አስፈላጊም አልነበረም። የመምህሩን ጥያቄ ጠየቀችው። ዛሬ ማታ ላደርግልህ የምችለው ነገር አለ?

ስልኩን አነሣች። መብራቱ ግድግዳው ላይ አረፈ። አራት ሰዓት ከሩብ። አባቷ በዚህ ሰዓት ተኝቶ መሆን ነበረበት፤ ገና አንዴ እንደጠራ አነሣው።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ደህና ነኝ አባየ።» ድምፅዋ እንደሚንቀጠቀጥ ጠብቃ ነበር። አልተንቀጠቀጠም። «መውጫዋን አልደፈንኳትም። አካፋውን ረሳሁት። በእጄ ልደፍናት ስል ደግሞ ልብሴ እንዳይቆሽሽ ብዬ ተውኳት። አዎ ያልኩህ ውሸት ነው።»

በስልኩ ውስጥ የማሳው እንቁራሪት ይጮኻል። ከሩቅ የእናቷ ድምፅ «ማን ነው? እሷ ናት? ምን ሆነች?» ይላል።

«አካፋው ታጥቦ በር ላይ ቆሞ ነበር» አለ አባቷ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «ደፍና፣ አጥባ መለሰችው ብዬ ነው እኔ…» አልጨረሰውም። የእናቷም ድምፅ ጠፋ።

«ጋሸ ተገኘ አልነካትም አባየ።»

«ሰማሁ።» ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «ነገ ቅዳሴ ሳይወጣ ድረሽ። ሽማግሌዎቹ ፊት አንቺ ራስሽ ትናገሪያለሽ። ከዚያ በፊት እኔም ለተገኘ የምለው አለኝ።»

ስለ ትምህርቷ አላነሣም። እሷም አልጠየቀችውም። ስልኩ ተዘጋ።

ከጎኗ ውባንቺ የተኛ ሰው ትንፋሽ አትተነፍስም ነበር።

«ውቤ።»

ውባንቺ ለግድግዳው ተናገረች። «በስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ከአንቺ ጋር በአንድ ባጃጅ አልሄድም።»

«እሺ።»

ውባንቺ ተገላበጠች፤ ብርድ ልብሱንም ጠቅልላ አብራ ወሰደችው፤ አንድ ጫፍ እንኳ አላስቀረችም። እየሩስ አልጎተተችውም። ስልኩን ለአሥራ አንድ ሰዓት ሞላችው፤ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ ጋደም አለች። እግሯን በረዳት። ከማክሰኞ ወዲህ ብርድ ሲሰማት የመጀመሪያዋ ነው።

መገንጠያው ጋ አንድ መኪና ማርሽ ቀነሰ።

«አንድ» አለች በልቧ።

ቀጥሎ የመጣው ወደ ጎንደር ይለፍ፣ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፍ አልሰማችም።