በካቻቪቴ የሚያልቅ ስንኝ

አዲስዓለም አሸብር የፍቅር ግጥም በጣቷ እየቆጠረች የምታነብ ልጅ ነበረች። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ሲያደርግ የታየ ሰው ብር የጎደለበት ይመስላል። እሷ የምትቆጥረው ግን ቀለም፣ የቃላቱን የድምፅ ምት ነው፤ ስንኙ አሥራ አንድ መሙላት አለመሙላቱን። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በዘመናዊ የጣልያን ግጥም፣ ያውም በምጣኔው ላይ ነው። እናቷ እትዬ ሸዋገነት ጎረቤት «ልጅሽ ምን ትማራለች?» ሲላቸው «ጣልያንኛ» ብለው እዚያው ያቆማሉ። ግጥሙን አይጨምሩበትም፤ ሰው ጥሩ ሥራ ትይዝበታለች ብሎ ካሰበ ያስብ።

አንድ ቀን የተሳፈረችበት ታክሲ ሶማሌ ተራ ሲደርስ አንኳኳ፣ አጨሰ፣ ቆመ። ሾፌሩ «አምስት ደቂቃ!» ብሎ መለዋወጫ ፍለጋ ጠፋ። የሶማሌ ተራ አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም የምታውቀው አዲስዓለም፣ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆማ ያቋረጠችውን ግጥም ከንፈሯን እያነቃነቀች ቀጠለች።

«እህት፣ ጣልያንኛ ነው አይደል?» አላት ባንኮኒው ላይ የተደገፈ ወጣት።

«ትችላለህ?»

«እንዴ፣ ስሠራበት አይደል የምውለው! ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ካንዴላ።» በቁም ነገር ነው የሚደረድረው።

አዲስዓለም ሳቀች። «ካንዴላ እኮ ሻማ ማለት ነው።»

«ሻማ? የሚበራው ሻማ?» ዞር ብሎ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ካንዴላዎች አዲስ እንደመጡ ሁሉ አያቸው። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሻማ ስሸጥ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

ስሙ ኃይለልዑል ነበር። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ንግዱን ያስተማሩት የአባቱ ወዳጅ ሐጂ ጁነዲን ናቸው፤ ሱቁንም አብረው ነው የሚሠሩት። ሐጂ ከውስጥ ሆነው ሁለቱ ሲሳሳቁ ሰሙና ወደ ጓዳ ገቡ። ጓዳ ውስጥ የሚሠራ ምንም ነገር አልነበረም።

ራጉኤል ጀርባ ካለው ከእነ አዲስዓለም ቤት ታክሲ መያዣው ድረስ ለመሄድ በሶማሌ ተራ መዞር አያስፈልግም። አዲስዓለም ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዞረች። እናቷ «መንገድ ተዘጋ እንዴ?» ሲሏት «በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው» ትላለች። እሳቸውም ወጣት ሆነው ስለሚያውቁ አይጠይቋትም።

«ቆይ፣ ግጥም ምኑ ነው የሚጠናው?» አላት ኃይለልዑል አንድ ቀን ሻይ አስመጥቶላት።

«ልኬቱ። የእኛ ሰንጎ መገን አሥር ቀለም ነው፣ ወል ቤት አሥራ ሁለት። የእነሱ ዋናው ስንኝ መሀላቸው ነው የሚገባው፣ አሥራ አንድ። የዘመኑ ገጣሚዎች ቤት መምታቱን ትተውታል፤ ስንኙንም ደስ ባላቸው ቦታ ይሰብሩታል። ስታየው ልክ ያለው አይመስልም። አፍህ ላይ ስታደርገው ግን አሥራ አንዱ ሥር ሥሩን ሲሄድ ትሰማዋለህ።»

«ለምንድነው የሚደብቁት?»

«እሱን እኮ ነው የማጠናው።» ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ደግሞ አንዱ ቃል በአናባቢ ካለቀና ቀጣዩ በአናባቢ ከጀመረ፣ ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ይባላሉ። ሁለት ቢሆኑም እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት።»

ኃይለልዑል ቀና ብሎ አያት። አዲስዓለም ያለችውን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነበር፤ ፊቷ ጋለ፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ረፈደብኝ ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ልጁ ግራ የሚያጋባ ጥያቄ ያበዛ ጀመር። «ማርሽ ሲበዛ በጣልያንኛ ምን ይባላል?» ሲል ይደውላል። «ማርቼ» ትለዋለች። «ቡሎንን እነሱ እንዴት ነው የሚጨርሱት?» «ቡሎኔ። ለምን ፈለግኸው?» «ለሱቅ ነው።» የትኛው የሱቅ ደንበኛ ማርሽ በብዙ ቁጥር እንደሚጠይቅ አልገባትም፤ ደስ ስላላት ግን አልመረመረችም።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ከቆየ በኋላ፣ አንድ ዝናብ ያዘለ ከሰዓት፣ ኃይለልዑል ሬዲዮኑን ዘግቶ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ፊቷ ቆመ።

«ካምቢዮ፣ ማርቼ፣ ቡሎኔ ኤ ካቻቪቴ።»

የአዲስዓለም ጣቶች ሳታዛቸው መቁጠር ጀመሩ። አሥሩም አልቀው አንድ ቀለም ተረፈ። ተሳስቻለሁ ብላ ደገመችው። የካምቢዮ «ቢዮ» እንደ ጣልያኖቹ አንድ ቀለም ሆኗል፤ ቡሎኔም ከተከተለው «ኤ» ጋር በአንድ ትንፋሽ ተብሏል፤ አሥረኛው ላይ ድምፁ ጠበቅ ማለቱም በቦታው ነው። መጽሐፍ ላይ ለምሳሌ ሊገባ የሚችል፣ ምንም ያልጎደለው አሥራ አንድ።

«ትርጉሙ ያው ዕቃ ነው» አለ እያፈረ። «ካምቢዮ፣ ማርሾች፣ ቡሎንና ካቻቪቴ። የፍቅር ቃል ከሰው ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ግን ያ የሰው ይሆናል። እኔ ያለኝ ይሄ ነው። አሥራ ሁለት እየሆነ ስንቴ አብግኖኛል መሰለሽ።»

ብዙ የፍቅር ግጥም አንብባለች። አንዱም ግን ለእሷ ተብሎ የተለካ አልነበረም። ወደደችው፤ መውደዷንም ያኔ ለራሷ አመነች።

«ይሄን ለሌላ ሰው እንዳትልብኝ» አለችው። «የእኔ ነው።»

እናም ሽማግሌ ተላከ።

የአዲስዓለም አባት ጋሼ አሸብር ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት የቆዩ የጎጃም ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፤ ወግ የሚባል ነገር ሲዛነፍ አይወዱም። በእሳቸው አገር ወግ ደግሞ ልጅ በመጀመሪያ ጥያቄ አትሰጥም። አባት እምቢ ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ፣ ቀጠሮ ይጠይቃሉ፣ ይመለሳሉ። ለዚህ ሲሉ ጋሼ አሸብር ከጠዋት ጀምሮ እምቢታቸውን ሲያሰናዱ ነበር። እትዬ ሸዋገነትም ከልመናው በኋላ የሚቀርበውን ወጥ ሠርተዋል።

ሐጂ ጁነዲን ሁለት የሶማሌ ተራ ነጋዴዎች አስከትለው መጡ፤ አሳምረው ጠየቁ።

«ልጃችን ትምህርት ላይ ናት» አሉ ጋሼ አሸብር ድምፃቸውን አወፍረው። «ይቅርባችሁ።»

ሐጂ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ዋጋ ተጠርቶበት የሚለምን ገዢ እንዳለቀለት ያውቃሉ። ገዢ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ሻጩም «ና እንጂ፣ ተመለስ!» ይለዋል። ስለዚህ ሐጂ ተነሱ። «እንግዲያው ደህና ዋሉ» አሉ። በግቢው ቀስ ብለው ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አሰሩ። ማንም አልጠራቸውም። ውስጥ ደግሞ ጋሼ አሸብር ቀጠሮ እስኪጠየቁ አፋቸውን ከፍተው እንደተቀመጡ ቀሩ።

«ልጄን ጥለዋት ሄዱ» አሉ ጋሼ አሸብር።

«ሳይጠሩን ቀሩ» አሉ ሐጂ ጁነዲን።

ሁለቱም ተቀየሙ። ከዚያ የከፋው ደግሞ ማታ በስልክ የሆነው ነው።

«ሽማግሌ እንዴት ቀጠሮ ሳይጠይቅ ይወጣል?» አለች አዲስዓለም።

«ሐጂ እኮ ቀስ ብለው ሄደው፣ በሩ ጋ ጫማቸውን አስረው፣ እስኪጠሯቸው ነው የጠበቁት። ሻጭ ካልጠራ ገዢ እንዴት ይመለሳል?»

«ሻጭ?» አለች። «ሻጭ አልክ? እኔ ካንዴላ ነኝ?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም…»

ዘጋችው። ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። ካነሳች እንደምታለቅስ ታውቅ ነበር። በሶማሌ ተራ መዞርም ቀረ።

በሳምንቱ ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር የአንድ አስመጪ ቤተሰብ ለልጃቸው ሽማግሌ ላኩ። እነዚህ ወግ ያውቃሉ፤ ለመኑ፣ ቀጠሮ ጠየቁ፣ ከፋሲካ በኋላ ተባሉ። እትዬ ሸዋገነት ልጃቸው እህል መተዋን እያዩ ባላቸውን በዓይናቸው ይወጓቸው ጀመር። ጋሼ አሸብር ግን አንገታቸውን አልሰበሩም።

የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርብበት ቀን ሲቃረብ አዲስዓለም ሳሎን ውስጥ ቆማ ትለማመድ ነበር። አባቷ ከሥራ መጥተው ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል፤ የተኙ መስሏታል።

«ገጣሚው ስንኙን ሐሳቡ ሳያልቅ ይሰብረዋል» አለች ለባዶው ግድግዳ። «ያልጨረሰው ሊተወው ፈልጎ አይደለም። አንባቢው ራሱ ወደሚቀጥለው ስንኝ እንዲሻገር ነው።»

«እስቲ አንድ አሥራ አንድ አሰሚኝ» አሉ ጋሼ አሸብር ከጋቢያቸው ሥር።

ደነገጠች። ስንት የተጠና ስንኝ እያላት አፏ ላይ የመጣው ያው አንዱ ነበር። «ካምቢዮ፣ ማርቼ፣ ቡሎኔ ኤ ካቻቪቴ።»

ጋሼ አሸብር ቀና አሉ። የድሮው የቅኔ ተማሪ ጣታቸውን አወጡ፤ ቆጠሩ። «ሞልቷል። ግን ይሄ የጋራዥ ዕቃ አይደለም እንዴ? የማን ነው?»

«የኃይለልዑል ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሦስት ሳምንት ለፋበት፣ አባባ።»

ጋሼ አሸብር ስንኙን ለራሳቸው ደገሙት። ወጣት ሳሉ ለአንድ ጉባኤ ቃና፣ ለዚያች ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔ፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«ለአንዲት ስንኝ ሦስት ሳምንት የታገለ ሰው» አሉ በመጨረሻ፣ «በአንድ እምቢታ ምን አስነሣው?»

ያን ጊዜ ነገረቻቸው፤ ሐጂ በግቢው ቀስ ማለታቸውን፣ ጫማ ማሰራቸውን፣ ጥሪ መጠበቃቸውን። ጋሼ አሸብር እየሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሸማ ተራ ተቀምጬ ይሄ ይጥፋኝ? ስንቱን ገዢ ከበር መልሻለሁ! ቤቴ መጥተው ይሄን ያደርጋሉ ብዬ በምን ልጠርጥር!» ሳቃቸው ሲበርድ ግን ልጃቸውን አዩ፤ ከስታለች። «ሊሻገር የሚገባው እኔ ነበርኩ» አሉ። «ነጠላሽን ልበሺ።»

ሶማሌ ተራ ሲደርሱ ሐጂ ጁነዲን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ኃይለልዑል ከባንኮኒው ኋላ እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ማስቀመጫ አጣ።

«ሐጂ፣ እኔ መኪና የለኝም» አሉ ጋሼ አሸብር።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ስለዚህ ዕቃ ልገዛ አልመጣሁም። ልጠራዎት ነው የመጣሁት። እሁድ ቤቴ ይመለሱ።»

ሐጂ ጁነዲን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ወላሂ እግሬን እየጎተትኩ ነበር የወጣሁት! ጫማዬን ሁለቴ ነው ያሰርኩት!»

«እኔስ! ወጡ ቀዝቅዞ እስኪረጋ አልጠበቅሁም? ለነዚያ ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ነገሩ ቀርቷል ብዬ ዛሬ እልክባቸዋለሁ። እሁድ ግን እምቢ እላለሁ።»

«ደግሞ ለምን?»

«ወግ ነዋ! እኔ እምቢ እላለሁ፣ እርስዎ ይለምናሉ፣ ቀጠሮ ይጠይቃሉ። ብቻ እንዳይነሱ።»

«ወንበሩን ቢወስዱብኝ መሬት እቀመጣለሁ» አሉ ሐጂ።

አዲስዓለምና ኃይለልዑል በባንኮኒው ማዶና ማዶ ተያዩ።

«ሻጭ ያልኩት…» አለ በሹክሹክታ።

«ስልኩን ሳላነሳ የቀረሁት እኔም…» አለች። ሁለቱም አልጨረሱትም።

እሁድ አዲስዓለም ጓዳ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ሙሽራው ለወጉ ሲባል እዚያ አይገኝም፤ ሱቁን ዘግቶ በሌላኛው ጫፍ ስልኩን ይጠብቃል።

«ልጃችን ትምህርት ላይ ናት» ሲሉ ሰማች አባቷን፣ ያንኑ ድምፅ አወፍረው። «ይቅርባችሁ።»

የወንበር ድምፅ ተሰማ። ዳግም ሊወጡ ነው ብላ በሩን ያዘች። ሐጂ ግን ወንበራቸውን ወደፊት ሲስቡ ነበር።

«አይቀርብንም!» አሉ። «ቀጠሮ ይስጡን። ወር ይበሉን፣ ሁለት ወር ይበሉን፣ እንመጣለን።»

ጋሼ አሸብር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ዘመድ ማማከር አለብኝ። ጎጃም መላክ አለብኝ። ነገሩ ጊዜ ይፈልጋል።» ቆም አሉ። «ነገ ጠዋት ኑ።»

እትዬ ሸዋገነት ጓዳ ውስጥ እልል አሉና ገና መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላቸው አፈኑ። አዲስዓለም ስልኩን ስትደውል ገና ሳይጠራ ተነሳ።

«ምን አሉ?» አለ ኃይለልዑል ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«እምቢ አሉ» አለችው፤ እንባዋ በሳቋ ላይ እየወረደ። «እምቢ አሉ፣ ነገ ኑ አሉ።»