ከግድቡ ሥር ያለችው ቤት

ኢንጂነር ሆልኮም ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚያየው የሚስቱን ፊት ሳይሆን ጠርሙስ ነበር። ከግድቡ እግር ሥር የምትንጠባጠበዋን ውሃ ይቀዳና ወደ ፀሐይ አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያታል። ከጠራች ሰላም ነው፤ የአፈር ግድብ ትንሽ ማላቡ አይቀርም። ከደፈረሰች ግን ግድቡ ሆድ ዕቃውን እየተፋ ነው ማለት ነው፣ ያኔ እግሬ አውጪኝ ነው።

አሜሪካ ውስጥ፣ አይዳሆ በሚሉት ደረቅ አገር፣ መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ሰውየው አምስት ግድብ ሠርቶ ጨርሷል፤ ይሄ ስድስተኛው ነው። አንድ ልማድ ነበረው። ግድቡ እንዳለቀ ሚስቱን ሊዲያን ወስዶ ከሥሩ ባለችው የመጀመሪያ ቤት ያስቀምጣታል። ገበሬውም "ሚስቱን እዚህ ካስተኛማ ምን ያስፈራል" ብሎ መሬት ይገዛል፣ የመስኖ ቦይ ይቆፍራል። ሊዲያን ማን ጠይቋት።

ማክሰኞ ለት ጠርሙሷ ደፈረሰች።

ካቦው ዱጋን አጎንብሶ አያት። "ጌታዬ፣ ይሄ'ኮ ወተት ያለበት ሻይ ነው የሚመስለው።"

"ዝም በል።"

"ዝም እላለሁ። ግን እመቤቲቱን እህታቸው ጋ ይላኳቸው።"

"እሷ ሻንጣ ካነሳች እስከ ምሳ ሰዓት አገሩ ባዶ ነው። ከዚያ ሰባተኛ ግድብ ማን ይሰጠኛል?"

"ሁለተኛ ሚስትስ ማን ይሰጥዎታል?" አለ ዱጋን፣ ምራቁን ወደ ውሃው እየተፋ።

ረቡዕ ውሃው ሽታ አመጣ፤ የረጠበ ሱፍ ካፖርት፣ ትምባሆ፣ ቀን ሙሉ ሸክም ሲሸከም የዋለ ሰው ብብት ዓይነት ሽታ። ሐሙስ ጠርሙሷ ውስጥ አንድ ቀይ ፀጉር ሲሽከረከር አገኘ፣ ቀጥሎም የመዳብ የልብስ ቁልፍ፣ ክሩ እንዳለ። የማን እንደሆነ አልጠፋውም። ግድቡ የተሞላው በትልልቅ ቱቦ ጭቃ እየተረጨ ነው፤ ቱቦው ከቆመ ጭቃው ይደርቃል፣ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለፉት ሁለት በጋዎች መሀል ያለው ጭቃ ሦስት ሠራተኛ ሲውጥ፣ ዱጋን "ይቁም?" ባለ ቁጥር ሆልኮም ሰዓቱን አየት አድርጎ "ይቀጥል" ነበር መልሱ። ሦስተኛው፣ ያ ባለቀይ ፀጉሩ፣ እጁ ብቻ ቀርታ ለረጅም ጊዜ ስታውለበልብ ነበር።

ዓርብ ቀትር ላይ ፋኖስ ይዞ ከግድቡ ሥር በሚያልፈው ዋሻ ገባ። ውጭ ፀሐይ ጭንቅላት ይበሳል፣ ውስጥ ግን ጨለማው እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ፊት ላይ ይለጠፋል፣ የራሱ ኮቴ እንኳን ከኋላው የሚከተለው ሰው ያለ እያስመሰለ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ጆሮውን ከግድግዳው ለጠፈ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ትንፋሽ ሰማ፤ ጥርስ ተነክሶ የሚወጣ፣ የጫነው ሸክም ወገቡን የሰበረው ሰው ትንፋሽ። ከዚያ አንዱ በሰለለ ድምፅ "ትከሻ ቀይር" አለ፣ ግድግዳውም ቀስ ብሎ ጉንጩን ገፋው።

ሮጦ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን አገኙ?" አለው ዱጋን።

"አይጥ ነው። ቱቦዎቹን መልሳችሁ ትከሉና አናቱ ላይ ጭቃ ጨምሩበት።"

"ለአይጥ?"

"የተቀበረ ሰው እንደተቀበረ ይቆያል፣ ገባህ?"

ዱጋን ገባው። ሌሊቱን ሙሉ ጭቃ ሲዘንብ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃዋ እንደ እንባ ኩልል ብላ ወጣች። ሽታ የለ፣ ፀጉር የለ። ሆልኮም ዋሻው ገብቶ ጆሮውን ለጠፈ፤ ጭጭ። እንደ ልጅ ሳቀ፣ ሰባተኛውን ግድብ በሐሳቡ ጀምሮ፣ እያፏጨ ቤቱ ወረደ።

በሩ ላይ ጭቃ የረገጠ ኮቴ አለ፤ ሁሉም ወደ ውጭ የሚሄድ። ሊዲያ ሦስት ሳህን ታጥባለች።

"እንግዶችህ አሁን ሄዱ" አለችው። "እስከ ዓይናቸው ጭቃ ናቸው። ወንበር ብሰጣቸው ጀርባችን አይታጠፍም ብለው ቆመው በሉ።"

"ምን አሉሽ?"

"ምን እንደሆነ እንጃ። ግድቡን የደገፍነው እኛ ነበርን፣ ትከሻ ስንቀያየር ነው ውሃውን ያደፈረስንበት፣ ትናንት ደግሞ ጭቃ ሲጨምርብን መረረንና ለቀቅነው፣ በሉት አሉ።" ሳህኑን ደረደረች። "ሲወጡ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እኔኑ እያዩ 'ነፍስ ይማር' አሉኝ፤ ማን ሞቶ ነው?"