ደግመህ አንኳኳ

ያን ቅዳሜ ማንጠግቦሽ በገዛ እጇ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ሦስት ግጥም በሆዷ ይዛ ከቤት ወጣች። ቀሚሱ ለታዳሚው ነው። ግጥሞቹ ግን ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለፍሥሐ ነበሩ።

ፍሥሐን የማያውቅ የደብረ ማርቆስ ሰው የለም። ማሲንቆውን አንግቶ ሸገር ገብቶ፣ በአንድ ዘፈን አገር ያወቀው የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ዛሬ ደግሞ ያለ ባንድ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በአንድ ሆቴል ትንሽ አዳራሽ ሰው መካከል ቁጭ ብሎ ሊጫወት መጥቷል። እንደ ድሮው ግጥም እንደሚቀበልም አስነግሯል። ደንቡ ደግሞ የታወቀ ነው፤ አድማጭ የሰጠውን ግጥም አዝማሪ አይመልስም። ስድብም ቢሆን፣ በራሱ ላይም ቢሆን፣ ተቀብሎ በገዛ አፉ ይዘፍነዋል።

ማንጠግቦሽም የፈለገችው ይህንኑ ነው። ውርደቱን ራሱ እንዲዘፍነው።

«ተመለሺ ብልሽ አትሰሚኝም?» አለቻት ሂዊ፣ አብራት ልብስ የምትሰፋው ጓደኛዋ።

«እሱ ስሜን ሲያጠፋ ተመለስ ያለው ሰው ነበር?»

«ትወጂዋለሽ እኮ! ዘፈኑን ተደብቀሽ ስትሰሚ ስንቴ ይዤሻለሁ?»

«የምወደው ማሲንቆውን ነው፤ እሱን አይደለም» አለችና ፈጠን ፈጠን ብላ ተራመደች። ውሸቷን መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

የተዋወቁት አምበር በምትባለው ጎረቤት ከተማ፣ በሂዊ ወንድም ሠርግ ነው። ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መካከል ሆና አንድ ግጥም ወረወረች። ማሲንቆ የያዘው መልከ ቀና ልጅ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ግጥሟን እሷ ከሰጠችው አሳምሮ ዘፈነው። ሠርጉ ሲበተን «ከዛሬ ጀምሮ ግጥም ከአንቺ ነው የምቀበል» አላት። እሷም ሰጠችው፤ ግጥሙንም፣ ልቧንም።

አባቷ አቶ መንግስቱ መጀመሪያ «ልጄን ለአዝማሪ?» ብለው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ለምና፣ አኩርፋ፣ እህል አልቀምስም ብላ አሸነፈቻቸው። ከዚያ ፍሥሐ ሽማግሌ ላከ። አባቱ ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ይህን ምስጢር የነገረው ለእሷ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሲንቆ ያስተማሩትን ጋሽ ጌቱን ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር ላካቸው። አቶ መንግስቱም እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹን ደጅ ላይ አቁመው አዋሉና «የምንሰጣችሁ ልጅ የለንም፤ ሂዱ» ብለው መለሷቸው።

እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። እሺ ካለማ ልጁ ቀልላበታለች ማለት ነው። ሽማግሌ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል፤ እናቷ ወይዘሮ ጥላነሽም ለዚያኛው ቀን ጠላ ጠመቁ። ሽማግሌዎቹ ግን ቀሩ። ፍሥሐ ስልኩን አጥፍቶ ሸገር ገባ። ጠላው ኮምጥጦ ተደፋ። በዓመቱ ያ ዘፈን መጣ፤

ደጇን ስጠና ጀምበር ጠለቀችብኝ፣
እሺ በይ ብላት በሯን ዘጋችብኝ።

ከየሱቁ፣ ከየባጃጁ ይሰማ ጀመር። ማንጠግቦሽም «በር ዘጊዋ» የሚል ስም ወጣላት። ገበያ ስትወጣ ይጠቃቀሱባታል። አባቷ አፍረው ከማኅበር ቀሩ። ጥሏት የሄደው እሱ፣ ጣለችኝ ብሎ የከበረው እሱ! ይህ ነው አንጀቷን ያሳረረው። የስፌት መኪናዋን በረገጠች ቁጥር ግጥሞቹን ታሾላቸው ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። ፍሥሐ መካከሉ ላይ በርጩማ ስቦ ተቀምጧል። ከስቷል። ደጋኑን አንስቶ ሲጀምር፣ ማጉያ ስለሌለ፣ ከድምፁ በፊት የሚስበው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ማንጠግቦሽ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ አዳመጠች። እንዲህ አድርጎ የሚዘፍን ሰው እንዴት እንዲያ ያደርጋል? ወደደችው፤ ስለወደደችውም ይበልጥ ተናደደችበት።

ዘፈኑን ጨርሶ ዓይኑን ሲያዞር አያት። ደጋኑ አየር ላይ ቀረ። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«እስቲ... ግጥም ስጡኝ» አለ፣ ድምፁ ሻክሮ።

ማንጠግቦሽ ብድግ አለች። «ተቀበል!»

«በይ።»

ከሸገር የመጣ ማሲንቆው ያማረ፣
የሰው ስም በልቶ ነው እንዲህ የከበረ።

ሰው «ውይ!» አለ። ፍሥሐ አንገቱን ደፍቶ አንድ ቃል ሳያጎድል ዘፈነው። ስድቡ በእሱ ድምፅ ሲወጣ ልመና ይመስል ነበር፤ ይህም አናደዳት። ፋታ ሳትሰጠው ሁለተኛውን አስከተለች፤

በሯን ዘጋች ብለህ አገር አስወራህ፣
መቼ ደግመህ መጥተህ በሩን አንኳኳህ?

የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነ። ሁለተኛው ላይ ግን ማሲንቆው ቆመ።

«ደግመህ?» አለ ግራ ገብቶት። «ሽማግሌ ይደግማል እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከፊት የተቀመጡት እማማ ወለተ ኪዳን ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ምነው ልጄ! ባንድ ቀን እሺ ብሎ ልጁን የሚሰጥ የት አይተሃል? አባትህ ይህን አልነገረህም?» አሉት።

«አባት የለኝም፣ እማማ።» ሰው ሁሉ አባቱ የሞተበት መሰለው። «የላክሁት ጋሽ ጌቱን ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማረውና። እሳቸው ሠርግ ሲያደምቁ ኖሩ እንጂ አዝማሪ ብሎ የናቃቸው አገር ለሽምግልና ልኳቸው አያውቅም። ደጅ ላይ አቆሙን፣ ቁጭ በሉ ያለን የለም፣ ሂዱ አሉን ብለው ነገሩኝ። ንቀት መሰላቸው። ለእኔም መሰለኝ።» ከዚያ ወደ ማንጠግቦሽ ዞረ። «ይህን እንኳ እችለው ነበር። ግን ልጅቱም ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሳቀችብን ብለው አለቀሱ። ሳቅሽን አልቻልሁትም።»

ማንጠግቦሽ ቆማ ቀረች። እውነት ነው፤ ስቃለች። አባቷ ድምፃቸውን አወፍረው «የምንሰጣችሁ ልጅ የለንም» ሲሉ፣ በልባቸው እሺ ማለታቸውን አውቃ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ነበር። ለካስ ነጠላው አላፈነውም።

«ደስ ብሎኝ ነው የሳቅሁት» አለች።

ፍሥሐ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሷ ግን ቁጣዋ እንዲህ በቀላሉ የሚበርድ አልነበረም።

«ቢሆንስ?» ጮኸች። «ለአገር ከመዝፈንህ በፊት መጥተህ አትጠይቀኝም? አባቴ ባንተ ዘፈን ከሰው ተለይቶ ቤት ዋለ! እኔ ባለፍሁበት ሁሉ ይዘፈንብኝ ጀመር!»

«ጥፋቴ ነው» አለ። «ምንም አልልሽም።»

«ሦስተኛ! ሦስተኛ!» አለ ሰዉ፣ ጨዋታው እንዳይቀርበት ሰግቶ።

ሦስተኛው ግጥም ምላሷ ላይ ነበር። ስለ አባቱ ነው፤ አባቱን የማያውቅ ሰው የሰው አባት ማዋረዱን የሚናገር። ከዘፈነው በኋላ በዚህ ከተማ ቀና ብሎ አይሄድም። ያን ሁሉ ጊዜ ስትስለው የኖረችው ቢላ ይህ ነው።

ፍሥሐ ዓይኗን አይቶ ገባው። ምስጢሩን የነገራት እሱ ነዋ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ነገር ግን ደጋኑን አንስቶ የማሲንቆው ጭራ ላይ አኖረ።

«የያዝሽውን አውቄዋለሁ» አላት ቀስ ብሎ። «ስጪኝ። እቀበላለሁ።»

እንደሚቀበለውም አወቀች። አንድ ቃል ሳያጎድል ይዘፍነዋል። ከተዘፈነ በኋላ ግን እሷ ምን ይቀራታል? ግጥሙን ዋጠችው፤ ሲወርድ ጉሮሮዋን ፋቃት። ከዚያ ያላሰበችው ሌላ ግጥም ከአፏ ወጣ፤

ዘፈንህን እማ ሰምቶታል አገሩ፣
ደግመህ ና አንኳኳ፣ ይስማህ ደግሞ በሩ።

እማማ ወለተ ኪዳን እልል አሉ። ፍሥሐ ሊዘፍነው ሞከረ፤ ድምፁ እምቢ አለው። ማሲንቆው ብቻ ዘፈነለት።

«ይቅር አልሽው ማለት ነው?» አለች ሂዊ ሲወጡ።

«ማን ይቅር አለ? ገና ቆሞ ይውላል!»

አልዋሸችም። ሽማግሌዎች ሲመጡ አቶ መንግስቱን «ይመለሱ» አለቻቸው፤ መለሷቸው። ደግመው መጡ፤ አሁንም «ይመለሱ» አለች።

«ኧረ እኔስ እሺ ልል ነበር» አሉ አባቷ እያጉረመረሙ።

«እኔን ያስጠበቀኝን ያህል አልጠበቀም፣ አባባ።»

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር። ሽማግሌዎቹ በረንዳ ላይ ተጠልለዋል። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር መምጣቱ ወግ ባይሆንም፣ ፍሥሐ ማሲንቆውን በጃኬቱ ሸፍኖ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ማንጠግቦሽ በመስኮት እያየችው ነው። ውኃው ከጸጉሩ ሲንጠፈጠፍ አላዘነችለትም ማለት ውሸት ነው፤ ደስ አላላትም ማለትም ውሸት ነው።

አቶ መንግስቱ በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ ግቡ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ፍሥሐም ግቢውን አቋርጦ ደረጃው ላይ ደረሰ።

ያኔ ማንጠግቦሽ ከጓዳ ወጥታ፣ ሽማግሌው ሁሉ እያየ፣ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ ደንግጠው።

«ዘፈኑ ውሸት ነበር፤ እውነት ላድርግለት ብዬ ነው።»

እጇን በሩ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከውጭ የእግር ድምፅ የለም። ከሄደስ? እንደዚያን ጊዜው በአንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ ከሄደስ?

በሩ ተንኳኳ።

አልከፈተችም። ደግሞ ተንኳኳ።

«ማን ነው?» አለች፣ እያወቀችው።

«እኔ ነኝ። ደግሜ መጣሁ።»

ማንጠግቦሽ ሳቀች። አሁን ነጠላዋን አፏ ላይ አልያዘችም፤ ጥርት አድርጎ ይስማው ብላ ሳቀችና፣ ትንሽ ካስቆመችው በኋላ ከፈተችለት።