የዊት ቀይ ናስ

ይህ በቤቴ፣ ዓይኔ እያየ የሆነ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ነው።

ታይላንድ፣ ራዮንግ ከተማ፣ ከፋብሪካው ጀርባ። ውሃ የምንረጫጭበት የሶንግክራን በዓል የመጨረሻ ቀን። ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት።

ልጄ ዊት ገባ። አንገቱ ላይ ያለውን ነገር ያየሁት ግን ዘግይቼ ነው...

"በስብሰህ መጣህ" አልኩት።

መንገድ ላይ ጎረምሶች ባልዲ የደፉበት መሰለኝ። በበዓሉ ያልራሰ ማን አለ?

ፊቱ ላይ ግን ነጭ ዱቄት አልነበረም። እኛ ጋ ውሃ የደፋብህ ሰው ዱቄት ሳይቀባህ አይለቅህም።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

ዊት የፋብሪካውን ማሽኖች እያቀዘቀዘ በሚግለው ውሃ ውስጥ መድኃኒት ይጨምራል። መድኃኒት ከሌለ ውሃው የናስ ቱቦዎቹን ይበላል። ሰው ሁሉ ለበዓል አገሩ ሲገባ መድኃኒት የሚገፋው ፓምፕ ቆሞ ሰነበተ። ጠዋት ሊያየው ሲወጣ "ይቅርብህ" ብዬው ነበር።

"እማ፣ አንቺ እኮ ሩዝ ሲገነፍልም ቤት ተቃጠለ ትያለሽ" ብሎ ስቆብኝ ሄደ።

የዓሣ ሾርባ አቀረብኩለት። አልነካውም።

ከወንበሩ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል... ልብሱ አይደርቅም።

አንገቱን ያየሁት ያኔ ነው። ሲወለድ ያሰርኩለት ትንሽ የናስ ቡድሃ... ቢጫ ነበር። እንደ መዳብ ቀልቷል።

ራሱ ዊት ነው አንድ ቀን የነገረኝ። "ናስ ሲበላ አይሰበርም፣ እማ። ቢጫው ያልቅና ቀዩ ይቀራል። ቅርጹ ያው ነው። ስትመቺው ነው የምታውቂው። ደህናው ይጮኻል፣ የተበላው ዝም ይላል።"

ማንኪያ አነሳሁ። ቡድሃውን መታ አደረግኩት።

አፈር የመታሁ ያህል... ዝም።

አልጮኽኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ ኖሬ፣ ያን ሰዓት ምንም አልተሰማኝም።

በሩ ተንኳኳ። ገርበብ አደረግኩት። የዊት የሥራ ጓደኛ ዴቻ ነው፣ የፋብሪካ ልብሱን እንደለበሰ።

"እትዬ ራምፓይ..." አለኝ። "ስልክዎ አይነሳም... ቱቦው ፈነዳ። ዊት..."

"መቼ?"

"ከሰዓት በኋላ። የፈላው ውሃ... ሆስፒታል አስተኝተነዋል። ፊቱን ሸፍነውታል። ይምጡ፣ እንሂድ።"

"እማ..." አለ ከኋላዬ። "ማነው?"

ዴቻ ምንም እንዳልሰማ ያየኛል።

ከወንበሩ ሥር የተነሳው ውሃ ባዶ እግሬ ጋ ደርሷል። ትኩስ ነው።

"ማንም አይደለም" አልኩ።

በሩን ገፋሁት። ከውስጥ ቆለፍኩት።